የእትዬ ይታይሽ ማሳና የማላውቃቸው ጠያቂዎቼ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት አለፈኝ። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ አስረክቤአለሁ፣ ነጭ ጋዋኔን አጥቤ መልሼአለሁ፣ የጡረታ ደብተሬም ከብዙ ምልልስ በኋላ እጄ ገብቷል። ጡረታ አልወጣም ያለኝ ብሎጌ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት አንድ የማላውቀው ሰው "ሰላም ዶክተር፣ ምዕራፍ አራትን እስከ ዓርብ ቢልኩልኝ" ብሎ ጽፎ ጠበቀኝ። ዶክተር አይደለሁም። የየትኛው ጽሑፍ ምዕራፍ አራት እንደሆነም አልነገረኝም።

ስንዱ እባላለሁ፣ የፋርጣ ልጅ ነኝ። የሥራ ዘመኔን የፈጀሁት አፈር ስመረምር ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ወርቅ ተገኘ እንዴ?" ይሉኛል። አልተገኘም። ቢገኝ ኖሮ እኔ እዚህ ተቀምጬ የሰው ምዕራፍ አራት አልጠየቅም ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ እብናት ነበር። ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ከየቀበሌው የአፈር ናሙና እየሰበሰብኩ ወደ ደብረ ታቦር እልክ ነበር። አለቃዬ ክፋት የሌለባቸው ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የሚወዱት አፈሩን ሳይሆን ሪፖርቱን ነው። ናሙናው ዝናብ መትቶት ቢበሰብስም ሪፖርቱ በሰዓቱ ከደረሰ ፊታቸው ይፈካል። ከቆላው ሙቀት ይልቅ ያ ነገር አንገሸገሸኝና ዝውውር ጠየቅሁ። ደብረ ታቦር ቤተ ሙከራ ገባሁ። ጋሽ ደምሌን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ጋሽ ደምሌ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከማንም ጋር የማይጣሉ፣ ግን ማንም የማያነቃንቃቸው ሰው። ናሙና ሲመጣ ከላዩ የተለጠፈውን ወረቀት አያዩም። ከረጢቱን ይፈቱና ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ ያኖራሉ፣ ጠብታ ውኃ ጣል ያደርጉበታል፣ በአውራ ጣታቸው ያሹታል፣ ያሸቱታል። ከዚያ ቀና ብለው ያመጣውን ሰው "ማን ቆፈረው?" ይሉታል። ሰውዬው "እኔ" ካለ ጥያቄው ይቀጥላል። አጠገቡ ዛፍ ነበር? የከብት ማደሪያ ነበር? አመድ የሚደፋበት ነው? ሰውዬው "እኔ አላውቅም፣ ተሰጥቶኝ ነው ያመጣሁት" ካለ ከረጢቱን አስረው በሁለት እጃቸው ይመልሱለታል። "ሂድና የቆፈረውን ሰው ይዘህ ና" ይሉታል። ስንቱ ተቆጥቶ ወጥቷል! አንድ ጊዜ አንድ ሹም መኪናቸውን አስነስተው ውጭ ቆመው ሲሳደቡ ጋሽ ደምሌ መስኮቱን ዘግተው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ገና ልጅ ነበርኩና ደንግጬ ሳያቸው "ስንዱ፣ መሣሪያው የሰጠሽውን ነው የሚለካ። ያልሰጠሽውን አያውቅም" አሉኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማሳ ላይ ቀጥ ብሎ አይኬድም፤ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ ነው የሚኬደው። ከየቦታው ማረሻ የሚደርስበት ድረስ ይቆፈራል፣ ሁሉም ባንድ ዕቃ ይደባለቃል፣ ከድብልቁ ትንሽ ይወሰዳል። ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይደቆሳል፣ ይነፋል። ከተጣራ ውኃ ጋር ይማሰላል፤ ከዚያ መጠበቅ ነው፣ መቸኮል የለም። የአሲድ መለኪያውን አፍንጫ ከመንከርሽ በፊት ልኩ በታወቀ ፈሳሽ ታስተካክይዋለሽ። ይህን ሳያደርጉ የሚለኩ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ራሳቸው ያውቁታል።

በኋላ ላይ ከቤተ ሙከራው ሥራዬ ጋር ኮሌጅ ማስተማር ጀመርኩ። ብሎጉ የመጣው ከዚያ ነው። ተማሪዎቼ ከዓመት ዓመት ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ደከመኝና መልሱን ጽፌ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው፤ ሌላ ጥበብ አልነበረውም። የአፈር አወሳሰድ፣ የኖራ አጨማመር፣ የጉና ገብስ ለምን ቢጫ እንደሚሆን፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። በአማርኛ ስለጻፍኩት ነው መሰለኝ፣ ሳላስበው የማላውቀው ሰው ሁሉ ያነበው ጀመር። የክፍሉ ኃላፊ ጠርቶ "የመንግሥት ሰዓት ላይ ነው የምትጽፊው?" አለኝ። "አይደለም፣ ወጥ እስኪበስል ነው" አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም፤ እንዲያውም የራሱን እህት ልጅ ጥያቄ ይዞልኝ መጣ።

ጥያቄ ሲባል ዓይነቱ ብዙ ነው። "ርዕስ ስጪኝ" የሚል አለ። "ዳታ ካለሽ ላኪልኝ" የሚል አለ፤ የምን ዳታ ብትይው እሱም አያውቅም። አንዱ መጠይቁን ልኮ "አርሶ አደሮቹን ሆነሽ ሙይልኝ" አለኝ። አባት ለልጁ ይጽፋል፣ ባል ለሚስቱ ይጽፋል። ደስ የሚሉም አሉ። ከአንበሳሜ አንድ ዲያቆን፣ በጣም ባማረ አማርኛ፣ የደብሩ ጥድ ለምን እንደሚደርቅ ጠየቀኝ። ፎቶ ላክልኝ አልኩት፣ ላከልኝ። ምእመናኑ ቅጥሩ እንዲያምር ብለው የጥዱን ግርጌ ዙሪያውን ሲሚንቶ አልብሰውታል። "ዛፉ ውኃ ይጠጣበት፣ አንሡለት" ብዬ መለስኩ። ለደብሩ አስተዳዳሪ እንዴት ብሎ እንደሚነግራቸው ግን የሱ ፈንታ ነው አልኩት።

መጀመሪያ ላይ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። እኛ አገር ሰው ፊት እምቢ አይባልም፤ "እሺ፣ አየዋለሁ" ይባላል። እኔም ለሁሉ "እሺ፣ አየዋለሁ" እያልኩ ሰው አስጠበቅሁ። ስንቱ ቀኑ አልፎበት አዘነብኝ፣ አንዲቱማ እርግማን ቀረሽ ጽፋልኛለች። ከዚያ ወዲህ ልማድ አበጀሁ። መጀመሪያ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ማወቅ የፈለግኸው ምንድን ነው? እስካሁን ምን አየህ? የት አቃተህ? ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚጠፋው ይበዛል፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። የሚቀረው ግን ሥራ ያለው ሰው ነው። ለማልረዳው ደግሞ በዕለቱ አልችልም እላለሁ። ክፉ ቢመስልም ሰውን አያጉላላም።

ሙሉቀን የጻፈልኝ ጡረታዬ ሊደርስ ወራት ሲቀሩት፣ በጥር ነው። አዲስ አበባ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ አለ፤ ከዚያ በፊት ስሙን ሰምቼ አላውቅም። "የምፈልገው ከጉና ሥር፣ ገብስ ቢጫ ሆኖ ከሚቀርበት ማሳ የተወሰደ አፈር ነው። ራሴ መጥቼ ልውሰድ ብል መንገዱ ተዘግቷል፣ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም። ጓደኞቼ ግምት ጻፍበት ይሉኛል። የሌለኝን ውጤት መጻፍ አልፈልግም" ይላል። ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አንጀቴን በላችው። ልማዴን ጥዬ ናሙናውን እኔው አስመጥቼ እለካልሃለሁ አልኩት።

ማሳውን አውቀው ነበር። የእትዬ ይታይሽ ነው። እትዬ ይታይሽ ጉና ሥር የሚኖሩ ባላቸው የሞተባቸው አርሶ አደር ናቸው፤ ለናሙና ስዞር ቤታቸው ያላደርኩበት ዓመት የለም። ከመኪናው መንገድ ራስጌ አንዲት ዳገታማ ማሳ አለቻቸው፤ ከመንገድ አይቻት አልፋለሁ እንጂ ገብቼ አፈሯን ወስጄ አላውቅም ነበር። "እምቢ አለችኝ" ይሏት ነበር። ገብሱ ይበቅላል፣ ሐምሌ ላይ ቢጫ ይሆናል፣ በዚያው ይቀራል። ልጃቸው አዲሱ ተስፋ ቆርጦ ባሕር ዛፍ ልትከልባት አለ፤ ችግኙንም አፈላ። እሳቸው ይህን አይፈልጉም። ያቺ ማሳ ለቤቱ የዓመት ገብስ ትሰጥ የነበረች ናት፤ ባሕር ዛፍ አንዴ ሥር ከሰደደባት ደግሞ ለእህል መመለሷ ዘበት ነው። ስለዚህ የአፈሩ ውጤት ለሙሉቀን ትምህርቱ፣ ለእትዬ ይታይሽ ማሳቸው ነበር። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ በኖራ ይድናል፤ አዲሱም እናቱን ይሰማ ይሆናል።

ደወልኩላቸው። እኔም የኮሌጅ ፈተና ይዞኝ መውጣት አልቻልኩም ነበር።

"እትዬ ይታይሽ፣ ከዳገቷ ማሳ አፈር ይላኩልኝ" አልኳቸው።

"ለማን ነው?"

"ከአዲስ አበባ የሚማር ልጅ ነው። ያጠናዋል።"

"እንግዳ ነው በይኛ።"

"እንግዳ ነው።"

"እልክልሻለሁ፣ ምን ቸገረኝ።"

አቆፋፈሩን ነገርኳቸው፤ ከብዙ ቦታ፣ ማረሻ እስከሚደርስበት፣ ደባልቀው። ለሁሉም እሺ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን የሚኒባስ ሾፌር በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ አፈር አመጣልኝ። ስፈታው ጥቁር፣ ልስልስ ያለ፣ አንዲት ሥር ወይም ጠጠር የሌለበት። ተማሪዎቼን ጠርቼ "ናሙና ማለት እንዲህ ነው" ብዬ አሳየኋቸው።

ለካሁት። ደህና ነው፣ አሲድነት የለውም። አላመንኩምና መሣሪያውን እንደገና አስተካክዬ ለካሁት፤ አሁንም ደህና ነው። ውጤቱን ለሙሉቀን ላክሁለት። ለእትዬ ይታይሽም ችግሩ ከአፈሩ አይደለም፣ ኖራ አያስፈልግም፣ ጥሩ ዘርና ማዳበሪያ ይግባበት አልኳቸው። አዲሱ ስልኩን ተቀብሎ "እንግዲህ መሬቱ ደህና ነው ካሉ አንድ ክረምት እታገሣለሁ፣ እትዬ" አለኝ። በቤተ ሙከራው ሠራተኛ ሆኜ የለካሁት የመጨረሻ ናሙና እሱ ሆነ። ሰኔ ላይ ተሸኘሁ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አዲሱ ደወለ። "ይምጡና ይዩት" አለኝ።

ሄድኩ። ገብሱ ከቁርጭምጭሚት ብዙም አላለፈም፣ ዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው። አንዱን ነቀልኩት፤ ሥሩ አጭርና ዱልዱም። ከሥሩ ጋር የወጣውን አፈር መዳፌ ላይ አድርጌ ሳየው ቀይ ነው። ጥቁር አይደለም፣ ቀይ ነው። እትዬ ይታይሽ አጠገቤ ቆመዋል።

"እትዬ ይታይሽ፣ ያን አፈር ማን ነው የቆፈረው?"

"እኔ ነኛ።"

"ከየት?"

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። "ከጓሮ" አሉኝ።

"ከጓሮ? ለምን?"

"ለምን ትይኛለሽ ደግሞ? ለሰው አገር ሰው፣ ይህን? ይህን ጨርቅ ላይ ቋጥሬ ልስደድለት? የይታይሽ መሬት ይኸ ነው ይበል? ያለኝን ምርጡን ሰጠሁሽ። ነፍቼ፣ ለቅሜ ነው የላክሁልሽ። ምን በደልኩሽ?"

ጓሮው አመድና ፍግ ዘመኑን ሙሉ ሲደፋበት የኖረ መሬት ነው፤ ደህና ባይሆን ነበር የሚገርመው። እሳቸውን መቆጣት አልቻልኩም። እኔ ራሴ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። እናቴ ለእንግዳ የተሰነጠቀ ሽክና ብታቀርብ ሳምንት እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ የማቀርበውን ጥያቄ፣ ጋሽ ደምሌ ዕድሜ ልካቸውን የጠየቁትን ጥያቄ፣ ለእሳቸው ያላቀረብኩት እንደ እናቴ ስለማውቃቸው ነው። ዘሩ ሄደ፣ ማዳበሪያው ሄደ፣ የበሬው ድካም ሄደ፣ ክረምቱ ሄደ። በጣም ተናደድኩ፣ የምናደድበት ሰው ግን አላገኘሁም።

አዲሱ ከአጥሩ ሥር የተደረደረውን ችግኝ አሳየኝ። "ዝናቡ ሳይወጣ በዚህ ሳምንት እተክላለሁ" አለ።

"ጥቂት ቀን ታገሠኝ፣ ትክክለኛው አፈር ይለካ።"

"አንድ ጊዜ ሰማንዎ፣ እትዬ" አለኝ። በአክብሮት ነው ያለው፤ ከስድብ በላይ ተሰማኝ።

መኪና ስጠብቅ መንገድ ዳር ተቀምጬ ለሙሉቀን ጻፍኩለት። የላክሁልህ ውጤት የሌላ መሬት ነው፣ ከጽሑፍህ አውጣው፣ አዝናለሁ አልኩት። ጽሑፉን አቅርቦ የሚመረቅበት ቀን ተቆርጦ እንደነበር አውቃለሁ። ዝም ብሎ ቢያልፈው ማንም አያውቅበትም ነበር። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ የመለሰልኝ አንዲት መስመር ናት፦ "ባሕር ዛፉ ተተክሏል?"

አልተተከለም አልኩት። "የአዲሱን ስልክ ይስጡኝ" አለ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ብቻ ሙሉቀን እስኪመጣ አዲሱ እጠብቃለሁ ብሎ ነበር። መንገዱ በዚያ ሰሞን ተከፍቶ ስለነበር ሙሉቀን ጓዙን በጀርባው አዝሎ ደብረ ታቦር ወረደ። አማካሪ መምህሩ ጽሑፉን የሚያቀርብበትን ቀን ማስተላለፉን ሲሰሙ ተቆጥተውታል። ልጅ ነው ብዬ ስጠብቅ ፂሙ የበዛ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ሆኖ አገኘሁት።

ማሳው ላይ ስንደርስ ጎረቤቱ ከየደጃፉ እየወጣ መንገድ ዳር ቆመ። ሙሉቀን ዶማውን ለእትዬ ይታይሽ አቀበላቸው።

"እማማ፣ እርስዎ ይቆፍሩልኝ" አላቸው።

"እኔ አልቆፍርም። በሰው ፊት አታዋርደኝ፣ ልጄ" አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"እኛም ቤት እንዲህ ያለ ማሳ ነበረን፣ ጎጃም። እናቴ ለማንም ሳታሳይ ባሕር ዛፍ ተከልንበት። አሁን ገብስ ሲደርስ እሸቱን ጎረቤት ቤት ሄዳ ነው የምትቀምሰው። እኔ የመጣሁት ይህን አፈር ፈልጌ ነው። ጥሩ አፈርማ አዲስ አበባም አለ።"

ከመንገድ ዳር አንድ ሰው ሳቀ። እትዬ ይታይሽ አልሳቁም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ፣ ዶማውን ተቀበሉ፣ ቆፈሩ። ወዲያና ወዲህ እየተሻገሩ፣ በስልክ እንደነገርኳቸው አድርገው። ቀዩን አፈር በመዳፋቸው አፍሰው ሰጡት፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ያን ጊዜ ከማዶ ያለች ጎረቤታቸው "የኔንም ትወስዱልኛላችሁ? እኔም እንዲህ ያለ አለኝ፣ ከኋላ ስለሆነ አይታይም እንጂ" አለች። ሌላውም ተከተለ። ባንድ ጀንበር ያን ያህል የታመመ አፈር በፈቃዱ ሲወጣ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም።

አዲሱ ዳር ቆሞ ነበር። ወደኔ ጠጋ አለና "የኛ መንገድ ዳር ነውና ገበያ የሚሄድ ሁሉ ያየዋል። ባሕር ዛፍ ቢሆን ማንም ምን ሆኖ ነው አይልም ብዬ ነበር" አለኝ። እኔ እንጨት ልሽጥ ብሎ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለእናቱ ማፈሩ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አፈሩ አሲዳማ ነው፣ ያውም ክፉኛ። የለካሁት በእንግድነት ነው፤ ቤተ ሙከራውን አሁን የያዘችው የቀድሞ ተማሪዬ ናት፣ ወንበር ሰጥታ አስተናገደችኝ። ኖራውን ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ ስንል ሰነበትን፤ እሱን መተረክ አልፈልግም፣ አገኘነው። አዲሱ በአህያ ዳገቱን አመላልሶ ከዘር በፊት በትኖ አረሰው። ችግኙን ወስዶ ጎርፍ የሚቦረቡረው ቦረቦር ዳር ተከለው። ሙሉቀንም በእውነተኛው አፈር ጽፎ ተመርቋል።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ሄጄ አየሁት። ተአምር አልሆነም። ታችኛው ጥግ አሁንም ቢጫ ነው፣ ኖራው አልበቃውም። የቀረው ግን አሽቷል፣ አጎንብሷል። እትዬ ይታይሽ ዳር ዳሩን እየዞሩ ዛላውን ሲዳብሱ ሳይ አለቀስኩ። ለምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩ።

ከተመለስኩ በኋላ ታሪኩን ብሎጉ ላይ ልጽፈው ፈለግሁ፤ ተመሳሳይ ማሳ ያለው ሰው ስለሚጠይቀኝ። እንደ ወጉ ስም አይጠቀስም፤ "አንዲት የፋርጣ አርሶ አደር" ተብሎ ነው የሚታለፈው። ቢሆንም ማስፈቀድ አለብኝና ደወልኩላቸው።

"ስሜን ለምን ትደብቂዋለሽ?" አሉኝ።

"ቢጫ የነበረውን ፎቶም ስለማወጣ ነው። አገር ያየዋል። ቅር እንዳይልዎ።"



"ቢጫ ሳለም የኔ ነበር። የይታይሽ ማሳ ነው ብለሽ ጻፊ።"